ልጅ ታቅፎ ለሚመጣ እንግዳ የሚሆን አልጋ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ይዣት ተጉዣለሁ፤ አንዴ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ዋሽንግተን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእነዚህ ጉዞዎች ያየሁትንና ከዚያም በኋላ ከብዙ እናቶች ጋር የተነጋገርኩበትን አንድ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችሁ፣ በተለይም ሆቴል ለሚያስተዳድሩና ሠራተኞቻቸውን ለሥልጠና ወደ ክልል ከተሞች ለሚልኩ ኃላፊዎች ለማቅረብ ነው። ሕፃን ይዞ ስለመጓዝ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚፈራው በረራውን ነው፤ እኔም ከመጓዜ በፊት ስጨነቅ የከረምኩት በእሱ ነበር። ሆኖም አውሮፕላን ለሕፃን የሚሆን ሥርዓት አለው። ሥርዓት ያጣሁት አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ፣ ሌሊቱን በምናሳልፍበት ሆቴል ነው።

መነሻዬን ላስረዳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይፈቅዳል። የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን እንዳይቀምስ ይመክራሉ። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ እናት ዕረፍቷን ከጨረሰችበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ወር ያህል ሥራውንም ማጥባቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይኖርባታል። በአገራችን ደግሞ ሥልጠናው፣ ዓውደ ጥናቱና የዕቅድ ግምገማው በአብዛኛው የሚካሄደው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር በሚገኙ ሆቴሎች አዳራሽ ነው። ስሟ በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ የሰፈረ አጥቢ እናት ያላት ምርጫ ሦስት ነው፦ ሥልጠናውን ትታ መቅረት፣ ልጇን ትታ መሄድና ጡቷ እየሞላ መሰቃየት፣ ወይም ልጇንና ልጇን የሚይዝላትን ሰው ይዛ መሄድ። ብዙዎቻችን ሦስተኛውን እንመርጣለን። ይህን የሚጠራጠር ሰው የስብሰባ አዳራሽ ወዳለው ወደ አንዱ ሆቴል በሥራ ቀን ጎራ ቢል፣ በኮሪደሩ ላይ ሕፃን አዝለው ወዲያ ወዲህ የሚሉ አያት ወይም ሞግዚት ማግኘቱ አይቀርም።

ልጄ አራተኛ ወሯን እንደያዘች እኔም ለአራት ቀን ሥልጠና ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። እናቴ ልጄን ልትይዝልኝ አብራን ተጓዘች። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ይጓዛልና፣ አስተናጋጇ ከእኔ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ አምጥታ ልጄን አሰረችልኝ፤ ዳይፐር የምቀይርበትን ቦታም አሳየችኝ። በፍተሻው ላይ የነበሩት ሴት ሰልፉን አሳልፈውን ነበር፤ አንድ የማላውቀው ወጣትም ቦርሳዬን ተሸክሞልኛል። ስለ በረራው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ያለ ችግር ደረስን።

ሆቴሉ የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ያጋጠመኝ ነገር የአንድ ሆቴል ጉድለት እንዳልሆነ በኋላ ከሌሎች እናቶች ተረድቻለሁና። ክፍሉን የያዘልን መሥሪያ ቤታችን ሲሆን፣ ሆቴሉ የጠየቀው ስምና የቀናት ብዛት ብቻ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት ልጄን ሲያይ ፊቱ በራ፤ «እህቴ፣ ለሕፃኗ ምን ልታዘዝ?» ብሎም ጠየቀኝ። የሕፃን አልጋ እንዳላቸው ስጠይቀው ግን ግራ ገባው። እንደዚህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ከሁኔታው ታየኝ።

ቤታችን ውስጥ ልጄ የምትተኛው ከእኔ አጠገብ፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ ነው። በሆቴሉ ክፍል የነበረው ግን ከፍ ያለ አልጋ፣ ሰው ሲተኛበት የሚሰምጥ ለስላሳ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አራት ትልልቅ ትራሶች ናቸው። ለአዋቂ ሰው ይህ ምቾት ነው። ራሱን ገና ማዞር ለማይችል ሕፃን ግን አደጋ ነው፤ ክትባት ባስከተብኳት ቀን ሐኪሟ አጥብቀው የነገሩኝ፣ ሕፃን በጀርባው፣ ለጥ ባለና በማይሰምጥ ነገር ላይ፣ ከትራስና ከወፍራም ልብስ ርቆ መተኛት እንዳለበት ነበር። ወለል ላይ እንዳናስተኛት ሴራሚኩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዚያም በላይ የወባ ትንኝ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ያለች፣ ወባ ከሚያሰጋቸው ከ2,000 ሜትር በታች ካሉት አካባቢዎች አንዷ ናት። በክፍሉ የነበረው አጎበር ደግሞ ከትልቁ አልጋ ውጪ አይደርስም። በመጨረሻ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበሮችን ፊት ለፊት አጋጥመን፣ እንዳይንሸራተቱ እግሮቻቸውን በእናቴ ነጠላ አስረን፣ ጋቢዋን አራት እጥፍ አድርገን አነጠፍንላት። እናቴ ግን አላመነችውም። ሌሊቱን ሙሉ ከጎኗ ቁጭ ብላ ትንኝ ስታባርር አነጋች፤ ሌሎቹን ሦስት ሌሊቶችም ከእኔ ጋር ተራ እየገባን እንዲሁ አሳለፍናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት በከፈልንበት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ስታድር ማየት ዛሬም ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ የቀረው ነገር ትንሽ በትንሽ የተጠራቀመ ነው። ወተት የማልብበትን ዕቃ ለመቀቀል ሌሊት የፈላ ውሃ ስጠይቅ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ ያፈላልኝ የጥበቃ ሠራተኛው ነው፣ ለራሱ ሻይ በሚያፈላባት ማንቆርቆሪያ። በሦስተኛው ቀን ከስብሰባ በፊት ያለብኩትን ወተት በክፍሉ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ወረድኩ። እናቴ ደግሞ በሻይ ዕረፍት እንዳጠባት ብላ ልጄን ይዛ ወደ ግቢው ስትወርድ የክፍሉን ካርድ ይዛው ወጣች። ካርዱ ከግድግዳው ሲነሳ የክፍሉ መብራት በሙሉ ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም፤ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ወተቱ ሞቆ አገኘነው፤ ደፋሁት። ያንን ወተት በሥልጠናና በሥልጠና መካከል በመጸዳጃ ቤት ቆማ ያለበች እናት እሱን መድፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቀዋለች።

የሆቴሉን ሠራተኞች ለመክሰስ እንዳልጻፍኩ ግን አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ቁርስ በምንበላበት ጊዜ ልጄን ከእጄ ተቀብላ እስክጨርስ የምታጫውታት አስተናጋጅ ነበረች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው ወደ ክፍላችን ስትመጣ መጀመሪያ ልጄን ስማ ነው ሥራዋን የምትጀምረው። ለሕፃን ያለን ፍቅር የተትረፈረፈ ነው። የጎደለው ፍቅሩን ተከትሎ ሊመጣ የሚገባው ዝግጅት ነው፤ ፍቅር ብቻውን ሕፃን የሚተኛበት ቦታ አይሆንምና።

ሁለተኛው ጉዞ ልጄ ሰባት ወር ሲሆናት ነበር። እዚህ ላይ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብዬ የማስበውን አንድ ነገር ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የመከረኝ «አውሮፕላኑ ሲነሳ አጥቢያት፣ ጆሮዋን እንዳያማት» እያለ ነበር። እኔም አውሮፕላኑ ሲነሳ እንቅልፍ የወሰዳትን ልጅ ቀስቅሼ አጠባኋት። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ይህ ምክር ከባሕር ጠረፍ ከተማ ለሚነሳ ሰው እንጂ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ እምብዛም አይሠራም። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚዘልቅ ከፍታ ላይ ይገኛል። መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን የቱንም ያህል ሽቅብ ቢወጣ፣ በውስጡ ያለው አየር 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው አየር የበለጠ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል፤ እንደ ድሪምላይነር ባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ መጠኑ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ማለት በመነሻው ላይ የአዲስ አበባ ልጅ ከቤቷ ብዙም አልራቀችም፤ ጆሮዋ የሚፈተነው አውሮፕላኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ዋሽንግተን የሚያርፈው የእኛ በረራ ደግሞ በመንገድ ላይ ለነዳጅ አንድ ጊዜ አርፎ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ የተነሳ ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ከባድ ነውና። በመጀመሪያው ቁልቁለት ልጄ ጠግባ ስለነበር ጡቱን አልቀበል ብላ ክፉኛ አለቀሰች። በሁለተኛው ላይ ግን ከማረፋችን ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ሲርባት ጠብቄ ማጥባት ስጀምር፣ አንድም ጊዜ ሳታለቅስ ወረድን። ምክሩ ስህተት አልነበረም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተዛባው።

በዚያ በረራ ላይ የተኛችው በፊተኛው መከፋፈያ ግድግዳ ላይ በምትንጠለጠል የሕፃን አልጋ ነው። እነዚህ አልጋዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚሸከሙትም ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ቲኬት ሲቆረጥ አስቀድሞ መጠየቅና የልጁን ክብደት መናገር ያስፈልጋል። ቲኬቱን የቆረጠችልን ልጅ ስልክ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሕፃን አለ ወይ? ዕድሜው ስንት ነው?» የሚል ነበር። በፍተሻውም ላይ እንዲሁ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይዞ መግባት ቢከለከልም፣ የሕፃን ወተት ከክልከላው ውጪ ስለሆነ ያለ ክርክር ታይቶ አለፈ። ሕፃን እንደሚኖር አስቀድሞ ያሰበ ሰው እንዳለ በየደረጃው ይታወቃል። ዋሽንግተን ከደረስን በኋላ ከተርሚናሉ ሳንወጣ ያጠባኋት ለዚሁ በተዘጋጀ ክፍል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ አሜሪካ ውስጥ የወጣው ሕግ፣ ትልልቅና መካከለኛ አየር ማረፊያዎች በየተርሚናሉ ከመጸዳጃ ቤት የተለየ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ መቀመጫ፣ ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ማጥቢያ ክፍል እንዲኖራቸው ያዛል። የገባሁበት ክፍል ከአንድ የዕቃ ማስቀመጫ የማይሰፋ ነበር። ሆኖም በሩን ቆልፌ ቁጭ ስል፣ ከወለድኩ ወዲህ ከቤቴ ውጪ ማንም ሳያየኝ ያጠባሁበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ መሆኑን አስታወስኩ።

በዚያው ጉዞ ለዘመድ ሰርግ ሌላ ከተማ ሄደን ሆቴል አድረናል። ክፍሉን ስንይዝ ስንት አዋቂ፣ ስንት ልጅ፣ የሕፃን አልጋ ያስፈልጋል ወይ ተብለን ተጠየቅን፤ ስንደርስም አንድ ሠራተኛ የሚታጠፍ አልጋ ተሸክሞ መጥቶ፣ በሁለት ደቂቃ ዘርግቶ፣ ንጹሕ አንሶላ አልብሶ ወጣ። ተጨማሪ ክፍያም አልነበረውም። በእርግጥ በቆየንባቸው ሦስት ቀናት ልጄን አቅፎ የሳማት የሆቴሉ ሠራተኛ አልነበረም፤ የባሕር ዳሯን አስተናጋጅ ናፍቄያለሁ። ሆኖም እናቴ ያን ጊዜ አብራኝ ብትሆን ኖሮ ሌሊቱን በእንቅልፍ ታሳልፈው ነበር።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ይህንን ለአንድ የማውቃቸው የሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንስቼላቸው ነበር። «ስንት እናት ይመጣል ብለን ነው?» አሉኝ። መልሱ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ሕፃን ይዘው የሚመጡትን የቆጠራቸው የለም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የከፈለው ሰው ስም እንጂ በእቅፍ የመጣው አይደለም። ነገር ግን በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ፣ በጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገራትም ልጆቻቸውን ለዘመድ ሊያሳዩ የሚመጡ ወገኖቻችን፣ ወንድ ልጃቸውን በ40 ሴት ልጃቸውን በ80 ቀን ክርስትና ሊያስነሱ ወደ ትውልድ ቀዬአቸው የሚሄዱ ቤተሰቦች፣ ከዚያም በየወሩ ለሥልጠና የሚላኩ እናቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሌሊት እንደ እኔ ካደሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያርፉት ዘመድ ቤት ነው፤ ወይም ከነጭራሹ ይቀራሉ። ያልመጣ እንግዳ ደግሞ ለምን እንዳልመጣ ለሥራ አስኪያጁ አይነግርም።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ከሁሉ በፊት፣ ክፍል ሲያዝ «ሕፃን አለ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ ለአንድ ሆቴል ሁለት ወይም ሦስት የሕፃን አልጋ ይበቃል። ከውጭ ማስመጣት ካስቸገረ አናጺዎቻችን አሳምረው ይሠሩታል፤ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ግን፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው፤ ከዚያ ከሰፋ የሕፃን ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ፍራሹም ጠንካራና ከአልጋው ጠርዝ ጋር ክፍተት ሳይተው የሚገጥም መሆን አለበት፤ በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች ደግሞ በልኩ የተሰፋ ትንሽ አጎበር ያስፈልገዋል። ቆንጆ ተደርጎ የተሠራ ነገር ግን ልኩን ያልጠበቀ አልጋ ከሌለ አልጋ ይከፋል። በየክፍሉ የውሃ ማፍያ፣ ወይም ሌሊትም የሚገኝ የፈላ ውሃ፣ ካርዱ ሲነሳ የማይጠፋ አንድ ሶኬትም ቢታሰብበት። የዱቄት ወተት የሚጠቀሙ እናቶች ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ መበጥበጥ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ስለሚመክር፣ ለብ ያለ ውሃ በጀግ ማምጣት አይረዳቸውም።

ሠራተኛ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸው የሚቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ሠራተኞቹ ለአራት ቀን ወደ ሆቴል አዳራሽ ሲወሰዱ የሥራ ቦታቸው ያ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹን የሚከራየው የሥራ ክፍል ከፕሮጀክተሩና ከሻይ ቡናው ጋር አንድ የሚቆለፍ ትንሽ ክፍል አብሮ ቢጠይቅ የሚጨመረው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የቱሪዝም ሚኒስቴርም ቢሆን ለሆቴሎች የኮከብ ደረጃ በሚሰጥበት መለኪያ ውስጥ የሕፃን አልጋንና ማጥቢያ ቦታን ቢያካትት፣ ሆቴሎቹ እንደ እኔ ካለ ሰው ደብዳቤ ይልቅ እሱን ፈጥነው ይሰማሉ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለሚገነባው አዲስ አየር ማረፊያም ማጥቢያ ክፍሎቹ ከወዲሁ በንድፉ ላይ ቢሰፍሩ፣ በኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ያድናል።

ልጄ አሁን አሥረኛ ወሯን ይዛለች። በሚቀጥለው ወር ለሦስት ቀን ሥልጠና ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ፤ እናቴም አብራኝ ትሄዳለች። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቴን ሳልጠብቅ ራሴ ወደ ሆቴሉ ደውዬ ሕፃን እንደምይዝ ተናገርኩ። የሕፃን አልጋ እንደሌላቸው ነገሩኝ። በማግስቱ ግን አንድ ሰው መልሶ ደወለልኝ፤ የሆቴሉ አናጺ እንደሆነ ገልጾ፣ «እመቤት፣ አልጋው ስንት በስንት ይሁን?» ሲል ጠየቀኝ። 120 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ በእንጨቶቹ መካከል ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ብዬ ልኬቱን ላክሁለት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ